«ይሄ ነው መጨረሻው?»፦ አንድ የዞምቢ ማንጋ እና ስምንት ዓመት የጠበቁት አንባቢዎቹ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 መጨረሻ ላይ ጃፓን ውስጥ «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት የገዛ ሰው፣ የሚከታተለውን የዞምቢ ታሪክ ገልጦ ያገኘው ይህን ነበር፦ ሰው የማይታይባት ቶኪዮ፣ በረዶ፣ በረዶው ውስጥ ብቻውን የቀረ አንድ ሰውዬ። ሰውየው የሚበላውን ራሱ እየፈለገ ይኖራል። ያወራል፤ የሚመልስለት ግን የለም። በቃ፣ አለቀ። ወረርሽኙ ከየት መጣ? ማን አመጣው? ሰውየውስ ነገ ምን ይውጠዋል? አንዱም አልተመለሰም።

ታሪኩ ኬንጎ ሃናዛዋ የሠራው «አይ አም አ ሂሮ» የተባለ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው፤ ባማርኛ «እኔ ጀግና ነኝ» እንደማለት። በ2009 ተጀመረ፣ በ2017 አለቀ፣ ተጠርዞ 22 ቅጽ ሆነ። በ58ኛው የሾጋኩካን ማንጋ ሽልማት በአጠቃላይ ዘርፍ አሸንፏል። በ2016 ሺንሱኬ ሳቶ ያዘጋጀው ፊልም ሲኒማ ቤት ሲገባ ማንጋ አንብበው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ስሙን ሰሙት። ፊልሙ የሚያልቀው ታሪኩ ገና መሃል መንገድ ላይ እያለ ስለነበር «ከዚያስ?» ያለ ሰው ወደ ቅጾቹ መሄዱ አይቀርም። እናም መጨረሻው ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ ጥቂት አልነበረም። የመጨረሻው ቅጽ ሲወጣ ብዙ ገዢዎች ዝቅተኛውን ኮከብ እየሰጡ ብሶታቸውን ጻፉበት። ሌሎች ደግሞ «ከዚህ የተሻለ መጨረሻ አይገኝም» ብለው ተከራከሩ።

ነገሩ ሲወራ ብዙውን ጊዜ «መጨረሻው ግልጽ ስላልሆነ ተናደዱ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ጠቡ እሱ ላይ አይመስለኝም። ግልጽ ያልሆነ መጨረሻ ተቀብሎ ዝም የሚል አንባቢ ሞልቷል። የመጨረሻው ምዕራፍ የመጣበትን መንገድ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ሂዴኦ ሱዙኪ 35 ዓመቱ ነው። የራሱ ታሪክ አንድ ጊዜ ታትሞለት ነበር፤ አልቆየም። አሁን ለሌላ ሠዓሊ ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ሌላው ሰው በሚታወቅበት ገጽ ላይ የጀርባውን ሕንፃና መንገድ እየሣለ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ይፈራል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለዋል፤ እሱ ብቻ የሚያየውና የሚያወራው ያጂማ የሚባል ሰውም አለው። ቴኮ የምትባል ፍቅረኛ አለችው። የቴኮ የቀድሞ ወዳጅ ኮሮሪ የተሳካለት የማንጋ ደራሲ ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋዋል። የመጀመሪያው ቅጽ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ዞምቢ ፈልጎ የገዛው ሰው የሚያገኘው የአንድ ያልሆነለት ሰውዬ የቀን ውሎ ነው። ከኋላ ግን በቴሌቪዥን ወሬ፣ በመንገድ ላይ ባለች ትንሽ ነገር፣ ከተማዋ ቀስ እያለች እየታመመች እንደሆነ ይታያል። ሂዴኦ አያስተውልም። የሚያሳስበው የራሱ ኑሮ ነው።

ከዚያ ቅጹ ሊያልቅ ሲል ሂዴኦ ቴኮ ቤት ይሄዳል። በሩ ላይ ባለችው የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ያያል። ቴኮ ተኝታለች። ትነሳለች። አነሳሷ ግን የሰው አነሳስ አይደለም። ሃናዛዋ ይህን ሁሉ የሚያሳየን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው፤ እኛም ከሂዴኦ ጋር አጎንብሰን እናያለን። አንድ ሙሉ ቅጽ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ቅናት ሲያወራን የቆየው ለዚህች ቅጽበት ነበር። ይህን ታሪክ የሚወድ ሰው ከየት ጀመርክ ቢሉት ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ይህን ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ውስጥ አንድ ውል ታሰረ፦ ይህ የሚነግረን ስለ ዞምቢ ሳይሆን ስለ ሂዴኦ ነው።

ሂዴኦ ጠመንጃ አለው። የጃፓንን የጦር መሣሪያ ሕግ ለሚያውቅ ይህ ራሱ አስቂኝ ነው፤ እዚያ አገር ለዒላማ ስፖርት የሚሆን ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድ ማውጣት አለ፣ መሣሪያውን ቆልፎ ማስቀመጥ አለ፣ ጥይቱን ለብቻ ማስቀመጥ አለ። ሂዴኦ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይዟል። ዓለም ሲፈርስ ግን ጠመንጃውን አውጥቶ እንደመተኮስ ሕግ እንዳይጥስ ይጨነቃል። ፖሊስ በሌለበት አገር ፖሊስ ይፈራል። በሌላ ታሪክ ጀግናው በሁለተኛው ገጽ ላይ ይተኩስ ነበር። ይህኛው ቅጽ እስከ ቅጽ ያስጠብቀናል።

ስሙም ቀልድ አለበት። «ሂዴኦ» የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት በሌላ አነባበብ «ኤይዩ» ይባላሉ፤ ጀግና ማለት ነው። ራሱን ሲያስተዋውቅ «እንደ ጀግና ተጽፎ ሂዴኦ የሚባል» ይላል። እኛ አገር ጀግናው ወይም አሸናፊ የሚባል ፈሪ ልጅ ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ሰው፣ ሂዴኦ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲናገር ፊቱ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ይገባዋል።

የታመሙት ሰዎች ታሪኩ ውስጥ «ዞኪዩን» ይባላሉ። በላቲን ፊደል ዜድ፣ ኪው፣ ኤን ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የጃፓን ኢንተርኔት ባለጌና ዋልጌ ሰውን ከሚሰድብበት ቃል ላይ ተቀጥሎ የወጣ ስም ነው። የሚያስፈሩት በመንከሳቸው ብቻ አይደለም። በሕይወት ሳሉ የለመዱትን ነገር ይደግሙታል። ለሥራ ይቸኩል የነበረው አሁንም ይቸኩላል፤ ከፍታ ዝላይ ይዘል የነበረው ስፖርተኛ አሁንም ተንደርድሮ ይዘላል። የተለመደ ኑሮ ራሱ እንዴት በሽታ ሊመስል እንደሚችል ያሳያሉ፤ ይህም ከመጀመሪያው ቅጽ ጋር ይገጥማል።

ሂዴኦ በመንገዱ ላይ ሂሮሚ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያገኛል። ሂሮሚ ተነክሳለች፤ ግን ግማሽ ሰው ግማሽ ዞኪዩን ሆና ትቀራለች። ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ደግሞ ያቡ የምትባል ነርስ ይተዋወቃሉ። ሦስቱ ናቸው የታሪኩ ልብ። ፊልሙም ያቆመው ሦስቱ ከገበያ ማዕከሉ በመኪና ሲወጡ ነው፤ እሱም ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነግረን። ያኔ ግን ማንም «ተታለልን» ብሎ አልጮኸም፤ የሚቀጥል ነገር እንዳለ ይታወቅ ነበርና።

ችግሩ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። በኋለኞቹ ቅጾች ሃናዛዋ ታሪኩን አሰፋው። ሂዴኦን ትቶ ፓሪስ ይወስደናል፣ ታይዋን ይወስደናል፤ የማናውቃቸው ሰዎች በማናውቀው ከተማ ሲሞቱ እናያለን። ዞኪዩኖቹ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ግዙፍ ክምር ይሆናሉ። በክምሩ ውስጥ የብዙ ሰው ሐሳብ አንድ ላይ የሚያወራ ይመስላል። እንደ ሂሮሚ ግማሽ ሆነው የቀሩ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ፤ ከተራ ሰው የበለጠ የሚያውቁና የሚችሉ። ምናልባት ከምድር ውጭ የመጣ ነገር ይሆን? ምናልባት የሰው ዘር ቀጣይ ዕጣ ይሆን? እነዚህ ገጾች የሚያምሩ ናቸው፤ እኔ ባልወዳቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን እያንዳንዳቸው አንባቢውን «ቆይ፣ ይህ ይፈታል» ይሉታል። ሁለተኛ ውል ታሰረ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሳይፈታ።

መጨረሻው ሲደርስ ነገሮች ቶኪዮ ላይ ይገናኛሉ። ያቡ ቀደም ብላ ሞታለች። ሂሮሚ ከግዙፉ ክምር ጋር ሆና ትቀራለች። ከከተማዋ ያመለጡ ሰዎች ሌላ ቦታ ኑሮ ይጀምራሉ፤ የቴኮ የቀድሞ ወዳጅ ኮሮሪም ከእነሱ ጋር ነው። ልብ በሉ፦ ያ የተሳካለት ሰው እዚህም ተሳካለት። ሂዴኦ ግን ይቀራል። ከዚያ ያ በረዶ ይመጣል።

አሁን ወደ አንባቢዎቹ። ጃፓኖች በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ የሚያነሱት አንድ ቃል አለ፤ «ፉኩሰን»። ቃል በቃል ተደብቆ የተዘረጋ መስመር ማለት ነው፤ ደራሲው ቀደም ብሎ ቀብሮት በኋላ የሚያወጣው ፍንጭ። ጥሩ ደራሲ የዘረጋውን መስመር መልሶ ይሰበስባል፤ ይህም «ካይሹ» ይባላል። የተናደዱት አንባቢዎች ዋና ክስ ይኸው ነበር፦ መስመር ዘርግቶ ዘርግቶ ሳይሰበስብ ሄደ። ፓሪስ ለምን ወሰድከን? ግዙፉ ክምር ምንድን ነው? ሂሮሚ ምን ሆነች? አንዳንዶች መጽሐፎቹን ደርድረው ያልተመለሱ ጥያቄዎችን እንደ ባለሱቅ ዱቤ ደብተር መዝግበዋል። ክሱ ባዶ አይደለም። ገልጦ ላየ ሰው ማስረጃው አለ።

ከዚህ የተነሳ ሌላ ጥርጣሬም ተወራ። ሳምንታዊ መጽሔት ውስጥ አንድ ታሪክ ተፈላጊነቱ ሲቀንስ «ኡቺኪሪ» ይደርስበታል፤ አሳታሚው በቶሎ ጨርስ ይላል፣ ደራሲው የቀረውን በጥቂት ምዕራፍ አጨማድዶ ያስገባል። የዚህ ታሪክ አጨራረስ የፈጠነባቸው አንባቢዎች «ኡቺኪሪ ነው» አሉ። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ አላየሁም፤ ሽልማት ያገኘና በቅርቡ ፊልም የሆነ ሥራ ደግሞ በዚህ የሚጠረጠር የመጨረሻው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሂዴኦ ራሱ ታሪኩ ሳይቆይ የቀረበት ደራሲ ነው። አንባቢው ደራሲውን ሲከስ የተጠቀመበት ቃል የባለታሪኩን ቁስል ነው የነካው። ይህን ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ማለፍ ይከብደኛል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ የወደዱት ደግሞ ከመጀመሪያው ቅጽ ይነሳሉ። ርዕሱን ተመልከቱ ይላሉ። «እኔ ጀግና ነኝ» የሚል ሰው፣ ሌላ ሰው በሌለበት ዓለም ውስጥ ቢቀር፣ ማን ይከራከረዋል? ጀግና ለመሆን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ሂዴኦ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ያንን ዓይን ነበር፤ አሁን ዓይን የለም። ሆኖም ይኖራል። ነገ የሚበላውን ያስባል። ያ ማታ ማታ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ይፈራ የነበረ ሰው አሁን እውነትም ማንም በሌለበት ከተማ ውስጥ ይተኛል። በዚህ ዓይን ካየነው ታሪኩ ያልሰበሰበው መስመር የለም፤ ዋናው መስመር ሂዴኦ ነበር፣ እሱም ተሰበሰበ።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ እነሱን ፈቺዎች እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሂዴኦ ሞቷል፣ የምናየው የመጨረሻ ሕልሙን ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ እሱም ዞኪዩን ሆኗል፣ የለመደውን ኑሮ እየደገመ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያውም የሌለ ሰው የሚያይ ሰውዬ ስለሆነ ያየውን ሁሉ አትመኑ ይላሉ። ሁለተኛው ንባብ ደስ ይላል፤ ልማድን መድገም የበሽታው ምልክት መሆኑን ታሪኩ ራሱ አስተምሮናልና። ግን አልቀበለውም። ሂዴኦ በመጨረሻዎቹ ገጾች የሚያደርገው ከዚህ በፊት አድርጎት የማያውቀውን ነገር ነው። የከተማ ሰው፣ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ሕንፃ የሚሥል ሰው፣ አሁን ምግቡን ከመሬትና ከአውሬ ያገኛል። ይህ ድግግሞሽ አይደለም። ሕልም ነው የሚለውንም አልወደውም፤ በሕልም ማምለጥ ለደራሲው ቀላል መውጫ ነው፣ ሃናዛዋ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀላሉን መንገድ ሲመርጥ አላየሁትም።

እዚህ ላይ የራሴንም ቦታ መናገር አለብኝ። እኔ ይህን ታሪክ ያነበብኩት ካለቀ በኋላ ነው፤ የአሜሪካው ዳርክ ሆርስ ሁለት ሁለቱን ቅጽ አንድ ላይ እየጠረዘ 22ቱን በ11 መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ካወጣው ላይ። በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቅር አለኝ እንጂ አልተናደድኩም፤ የመጀመሪያው ቅጽ ገና አእምሮዬ ውስጥ ትኩስ ነበር፤ ያ የሚፈራ ሰውዬና ይህ ብቸኛ ሰውዬ ጎን ለጎን ቆሙልኝ። በ2009 የጀመረ ሰው ግን ያንን ክፍል ካየ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ትኩስ ሆኖ የሚያስታውሰው ያለፈውን ዓመት ነው፤ ያለፈው ዓመት ደግሞ የግዙፉ ክምር ነበር። ለእሱ ታሪኩ ከረጅም ጊዜ በፊት ስለ ሂዴኦ መሆኑን አቁሞ ስለ ምስጢሩ ሆኗል። በየሳምንቱ «ቀጣዩ ሳምንት ይነግረኛል» እያለ መጽሔት ሲገዛ የኖረ ሰው፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ በረዶ ሲያሳዩት መናደዱ ይገባኛል። ጥበቃው ራሱ ብድር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዚያው ሰሞን ሆነ። የመጨረሻው ቅጽ በወጣበት በማርች 2017 ዳይሱኬ ሳቶ ሞተ። ከሠዓሊው ሾጂ ሳቶ ጋር የሠራው ሌላ የታወቀ የዞምቢ ማንጋ ነበረው፤ «ሃይስኩል ኦፍ ዘ ዴድ» የሚባል። በ2006 ተጀምሮ፣ ብዙ ጊዜ ተቋርጦ፣ በ2013 የቆመ። ደራሲው ሲሞት ተማሪዎቹ መንገድ ላይ እንዳሉ ቀሩ። የዚያ ታሪክ አንባቢዎች አዘኑ፤ ነገር ግን «ያልተሰበሰበ መስመር» ብሎ ደብተር የያዘ የለም። የሚከሰስ ሰው የለማ። ሁለቱ ታሪኮች በአንባቢው እጅ ላይ የተዉት ነገር ሲታይ ያን ያህል አይራራቅም፤ ሁለቱም ጋ ወረርሽኙ ምን እንደሆነ አናውቅም። ልዩነቱ አንዱ ተቋርጦ መቅረቱ፣ በሌላው ግን ደራሲው ቁጭ ብሎ አስቦ «እዚህ ላይ ይብቃ» ማለቱ ነው። የሚያናድደው መወሰኑ ነው።

በልጅነታችን ተረት የነገሩን ሰዎች ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ ነበር። ተረቱ ብድር ነው፤ ሰሚው ይመልሳል፣ ተራቹ ደግሞ ዳቦውን የሚጠይቀው ከጨረሰ በኋላ ነው። መጽሔቱ ግን ዳቦውን በየሳምንቱ አስቀድሞ ተቀብሏል። ሃናዛዋን ልከስ ብል ክሴ በረዶው ላይ አይሆንም፤ በረዶው ከታሪኩ ምርጥ ገጾች ውስጥ ነው። ክሴ ፓሪስ ላይ ነው። ሂዴኦን ትቶ ባሕር ሲሻገር፣ የዓለሙን ምስጢር የእኛ ጉዳይ ሲያደርገው፣ መጨረሻ ላይ የማይከፍለውን ዱቤ የጻፈው ያኔ ነው። እነዚያ ምዕራፎች ባይኖሩ ኖሮ ያው መጨረሻ፣ ያው ብቸኛ ሰውዬ፣ ያንን ያህል ሰው አያስከፋም ነበር። ሂዴኦ ስለ ወረርሽኙ ምንም አያውቅም፤ እኛም ከእሱ የበለጠ ለማወቅ መብት የለንም ብለን እንቀመጥ ነበር፣ ልክ በደብዳቤ ቀዳዳዋ በኩል ከእሱ ጋር አጎንብሰን እንዳየነው።

ጨርሼ መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቅጽ መልሼ አነሳሁት። ሂዴኦ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ነው። ከኋላው ሰው ያለ መስሎት ፈርቷል። ያኔ ሳነብ ስቄበት ነበር፤ አሁን ግን ዞር ብሎ ቢያይና እውነትም አንድ ሰው ቆሞ ቢያገኝ አልኩ።